ሐምሌ ላይ የተከሰሱት ዛፎች

አንድ ጊዜ፣ ሥጋ በሉም ሣር በሉም ሞፈር ጨብጦ በሚያርስበት ዘመን፣ ከአንድ ሰፊ ሸለቆ ግርጌ ዳልቻ የሚባል አህያ ይኖር ነበር። ዳልቻ ቃል አያባክንም። ሲጠሩት ጆሮውን ያዞራል፤ ሲጠይቁት «እሺ» ወይም «አይሆንም» ይላል፤ ከዚያ የበለጠ ወሬ የፈለገ ወደ ሌላ ጎረቤት ይሄዳል። ጀርባው ላይ ጠጉር ያልበቀለባቸው ሁለት ጠባሳዎች ነበሩት። የጭነት ጠባሳዎች ናቸው። «ከየት አመጣሃቸው?» ያለው ሁሉ ያገኘው መልስ «ከመንገድ» የሚል ብቻ ነበር።

በዚያ ሸለቆ ጥሩ ማሳ ማለት የተላጨ ራስ ማለት ነበር። ከድንበር እስከ ድንበር ጉቶ እንኳ እንዳይቀር ሆኖ ይመነጠራል። ማሳው ላይ ዛፍ የተወ ገበሬ ሰነፍ ይባላል፤ «ጥላ ሰብል ይበላል፣ ዛፍ ወፍ ይጠራል» እያሉ ይተርቱበታል። የዳልቻ ማሳ መሃል ግን ሰባት እሾሃማ ችግኞች ነበሩ። ማንም አልተከላቸውም። ዳልቻ ወደ ሸለቆው በመጣበት ዓመት ፋንድያውን ከጣለበት ቦታ በቀሉ፤ እሱም ሲያርስ እየዞራቸው አለፈ።

የአረም ደቦ በወጣ ቁጥር ጎረቤቶቹ ያነሱባቸዋል።

«ዳልቻ፣ እነዚህንም አብረን እንንቀላቸው?»

«አይሆንም።»

«ለመሆኑ ምንህ ናቸው?»

ዳልቻ ማረሙን ይቀጥላል።

«የፋንድያ ልጆቹ ናቸዋ!» ይላል ዝንጀሮ፤ ደቦው በሳቅ ይፈርሳል።

ስማቸው በዚያው ጸና፦ የፋንድያ ልጆች። ዳልቻ በየዓመቱ የታችኛውን ቅርንጫፋቸውን በጥርሱ እየመለመለ ግንዳቸውን ወደ ላይ አሳደገው። ስድስት ዓመት ሙሉ ማሽላው ይበልጣቸው ስለነበር ከሩቅ ያያቸው የለም። በሰባተኛው ዓመት ከማሽላው በላይ ብቅ አሉ። ጣጣው የመጣው ያን ጊዜ ነው።

ዛፎቹ የግራር ወገን ናቸው፤ ቆለኞች ገርቢ ይሏቸዋል። ገርቢ ግትር ዛፍ ነው፤ ችግኝ ሳለ እንደ ሌላው ዛፍ ይሆናል፣ ሲያድግ ግን ጠባዩ ይገለበጣል። ዝናብ ጥሎ አገር ሁሉ ሲለብስ እሱ ልብሱን ያወልቃል፤ በጋ ገብቶ አገር ሁሉ ሲራቆት እሱ ይለብሳል። ይህን ጠባዩን በሸለቆው ውስጥ ከዳልቻ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ዳልቻም ያደገ ገርቢ ያየው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም በሌላ አገር ነው።

ሐምሌ እኩሌታ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ቀበሮና ጅብ በዳልቻ ድንበር ያልፉ ነበር። ቀበሮ አዲስ ቤት ጀምራለች። ዘጠኝ ምሰሶ አቁማ፣ እርስ በርስ በቆዳ ጠፍር አስራ፣ ለጣሪያው የሚሆን እንጨት አጥታ ተቀምጣለች። ከዳልቻ ማሳ ፊት ለፊት ስትደርስ ቆም አለች።

«አያ ጅቦ፣ እነዚያን ዛፎች ታያቸዋለህ?»

«አያቸዋለሁ።»

«ቅጠል አላቸው?»

ጅብ ዓይኑን አጨንቁሮ አየ። «የላቸውም።»

«በሐምሌ ቅጠል የሌለው ዛፍ ምን ይባላል?»

ጅብ ብዙ አሰበ። «የተበላ?»

«የሞተ ይባላል፣ አንተ ሆዳም! የአንበሳስ አዋጅ ምን ይላል?»

አዋጁን ጅብም ያውቀዋል። ሸለቆው እየተራቆተ ሲሄድ አንበሳ ያስነገረው ነው፦ «ለምለም አይቆረጥ፣ ደረቅ አይከለከል!» ቆሞ የደረቀ ዛፍ በማንም ማሳ ላይ ይሁን፣ መጥረቢያ ይዞ ቀድሞ ለደረሰ ነው።

«እንጨት ለኔ ምኔ ነው?» አለ ጅብ።

«እንጨቱ ለኔ። አንተ ቁረጥልኝ፤ ቤቱ ሲያልቅ የተረፈውን ጠፍር ሁሉ ትበላለህ።»

ጠፍር የሚለውን ቃል ሲሰማ የጅብ ምላስ ወጣ። ሮጦ መጥረቢያውን አመጣ። ነገር ግን ከመጀመሪያው ዛፍ ሥር ሲደርስ ዳልቻ ቆሞ አገኘው። ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን ሰጥቶ ነው የቆመው። አንድ የኋላ እግሩ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብላለች።

ጅብ ያችን እግር ያውቃታል። «እመት ቀበሮ፣ ነገሩን በሕግ ብንጨርሰው አይሻልም?» አለ ወደ ኋላው እያፈገፈገ።

አንበሳ በሸለቆው ውስጥ ከቀረችው አንዲት ዋርካ ሥር ችሎት ተቀምጦ ነበር። ቀበሮ ጅራቷን አጥፋ እጅ ነሳች።

«ጌታዬ፣ ለምለም ቢሆኑ ኖሮ ጥፍሬንም አላነሳባቸውም ነበር። ግን ሐምሌ ነው፤ አጥር እንኳ ያቆጠቁጣል። እነሱ አንዲት ቅጠል የላቸውም። አዋጅዎ ይከበርልኝ ነው የምለው።»

አንበሳ ወደ አህያው ዞረ። «ዳልቻ፣ መልስ ስጥ።»

«አልደረቁም።»

«ቅጠላቸውስ?»

«ይመጣል።»

«መቼ?»

«ዝናቡ ሲሄድ።»

ችሎቱ በሳቅ ተናወጠ። «ዝናብ ሲሄድ የሚለመልም ዛፍ!» አለ ዝንጀሮ ሆዱን ይዞ። «እንግዲያው እኔም ቆላ ስወርድ ብርድ ይመታኛል በሉኛ!»

ዳልቻ በአፉ ይዞት የመጣውን ቀንበጥ መሬት ላይ አኖረና ቅርፊቱን በሰኮናው ፋቅ አደረገው። ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ ታየ። አንበሳ አንገቱን አሰገገ።

«ጌታዬ፣» አለች ቀበሮ ፈጠን ብላ፣ «በሐምሌ ድንጋዩስ አረንጓዴ አይደል እንዴ?»

«እውነት ነው፣» አለ አንበሳ። «ደግሞ አዋጄ ለምለም ያለው ቅጠሉን ነው፤ ስለ ቅርፊት የተናገርኩት የለም። ቢሆንም ሳልታገሥ ፈረድኩ እንዳልባል፣ እስከ ጥቅምት አንድ ቀን እሰጥሃለሁ። ዋስ ጥራ።»

ዳልቻ ዙሪያውን አየ። ሰባት ዓመት ደቦ አብሯቸው ወጥቷል፤ የፍየልን ማሳ አርሟል፣ የበሬን ነዶ ተሸክሟል። ፍየል መሬት መሬት አየች። በሬ የሚያመነዥከውን ረስቶ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤» አለች ቀበሮ ሳቋን አፍና፣ «የአህያ ዋስማ እንዴት አድርጎ!»

«ራሴ ዋስ ነኝ፣» አለ ዳልቻ።

«ምን ማለትህ ነው?» አለ አንበሳ።

«ካልለመለሙ ዛፎቹ ለቀበሮ። እኔ ለጅብ።»

ሳቁ ቆመ። ጅብ ምራቁን ሲውጥ ድምፁ ለችሎቱ ሁሉ ተሰማ።

በማግስቱ ጠዋት ጅብ አንድ ትልቅ እስር ሣር ተሸክሞ እያለከለከ ዳልቻ ደጃፍ ደረሰ።

«ብላ!»

«ለምን?»

«እንድትወፍር ነዋ! ጥቅምት ላይ አጥንት ብቻ ሆነህ ብትጠብቀኝስ?»

ዳልቻ ጥቂት አሰበና በላ። ሣር በሌላ ጀርባ ተጭኖ ሲመጣለት በዕድሜው የመጀመሪያው ነበር። ጅብ በየቀኑ አመጣ። ዳልቻ እንዳያመልጠው ደግሞ ከዛፎቹ አጠገብ ቁርበት አንጥፎ ይጠብቀው ጀመር፤ በሦስተኛው ቀን ቁርበቱን በላውና ጭቃ ላይ ተቀመጠ።

እውነቱን ለመናገር ዳልቻ ራሱ እርግጠኛ አልነበረም። ያ ያየው ዛፍ የነበረበት አፈር አሸዋ ነው፤ ይህ መረሬ፣ ጥቁር ጭቃ ነው። ማን ያውቃል? ነሐሴ ገብቶ ወጣ። ጳጉሜን አለፈች። መስቀል ተከበረ፤ ዝናቡ ግን አልሄደም። ዛፎቹ እንደ አጥንት ነጥተው ቆመዋል። በየጠዋቱ እየሄደ አፍንጫውን ግንዳቸው ላይ ያሳርፋል፤ ከዚያ ምንም ሳይናገር ይመለሳል። መሸሽ ይችል ነበር። መንገድን ጠንቅቆ ያውቃታል፤ ከዚህ ሸለቆ በፊት የነበረው ዕድሜው ሁሉ እሷው ነበረች። ግን ሰባት ዓመት አንድ ቦታ ያቆሙት እነዚህ ዛፎች ናቸው። ትቷቸው ሄዶ ወዴት ሊቆም?

መስከረም ሃያ ሦስት ቀን ሰማዩ ተጠረገ። ፀሐይ ሦስት ቀን ሙሉ መታች። በአራተኛው ቀን ቀበሮ በድንበሩ ስታልፍ አንዱን ቅርንጫፍ ቀረብ ብላ ብታይ፣ ምስር የሚያካክሉ እንቡጦች እንደ ሽፍታ ወጥተውበታል። ክው አለች። ወደ ጅብ ገሰገሰች።

«አያ ጅቦ፣ አህያህ ሊያመልጥህ ነው! አሁኑኑ ሂድና ቅርፊታቸውን ዙሪያውን ላጠው። የተላጠ ዛፍ አይለመልምም። ዳልቻ ውኃ ሊጠጣ ሲወርድ ጠብቀህ ግባ።»

«የቱን ነው የምልጠው?»

ቀበሮ ትዕግሥቷ አለቀ። «ቅጠል የሌለውን ዛፍ ሁሉ! ይህም ይጠፋሃል?»

«ቅጠል የሌለውን፣ ቅጠል የሌለውን፣» እያለ ጅብ እንዳይረሳው ደጋገመው። ይሁን እንጂ ሁለት ወር ተኩል ሣር ሲያጭድ ደክሞ ነበርና፣ «ትንሽ ልረፍ» ብሎ ጋደም ያለ ሦስት ቀን ተኛ።

ሲነቃ መስከረም ሠላሳ ነው። እየሮጠ ማሳው ደረሰ። ዳልቻ ውኃ ወርዷል፤ ቦታው ጭር ብሏል። ጅብ ጥርሱን አግጦ ወደ ዛፎቹ ቀና ሲል ግን ሰባቱም አዲስ ለስላሳ ቅጠል ለብሰዋል።

«እነዚህስ አይደሉም፣» አለ ጅብ። «ቅጠል የሌለውን ብላኛለች።»

ሸለቆውን ዞሮ ፈለገ። ቅጠል የሌለው ዛፍ ከየት ይምጣ? ሊመለስ ሲል፣ ከአንድ ጉብታ ሥር ተሰልፈው የቆሙ ራቁታቸውን የሆኑ እንጨቶች አየ። ቆጠራቸው። ዘጠኝ ናቸው። «ሁለት ተርፏል፤ የበዛ አይጎዳም፣» አለና ላጣቸው። እየላጠ ሳለ እንጨቶቹን ያሰረ ጠፍር ከጥርሱ ገባ። ከዚያ ወዲያ ስለ ቅርፊት ማን አስታወሰ! ጠፍሩን ከዳር እስከ ዳር አሻምዶ ሲጨርስ ዘጠኙ ምሰሶዎች አንድ በአንድ ተጋደሙ። የመጨረሻው የወደቀው፣ ጩኸት ሰምታ ከመጣችው ከቀበሮ ጅራት ላይ ነው።

«ቤቴን! ምን አድርገህ ነው?!»

«ያልሽኝን ነዋ፣» አለ ጅብ አፉን እየጠረገ። «አንድም ቅጠል የለበትም፤ በደንብ አይቻለሁ።»

ጥቅምት አንድ ቀን አንበሳ ችሎቱን አስከትሎ ማሳው ላይ ወረደ። የሸለቆው ሣር ጫፉ መቅላት ጀምሯል። ሰባቱ ገርቢዎች ግን ትናንት ዝናብ እንደጠጡ ሁሉ ለምልመው ቆመዋል። አንበሳ ከአንዱ ሥር ቆሞ ሽቅብ አየ፤ ዝንጀሮም አየ፤ የሳቀ አልነበረም።

«እመት ቀበሮ፣» አለ አንበሳ፣ «ጅራትሽን ምን ነካው?»

«ቤት ወድቆብኝ ነው ጌታዬ።»

«ማን ጣለብሽ?»

ቀበሮ ጅብን አየችው። ጅብ ሰማይ ሰማይ አየ። በዚያው ነገሩ ሁሉ ተጎልጉሎ ወጣ።

«እንግዲህ ስሙ፣» አለ አንበሳ። «ቃሌ ጎደሎ ነበር። ጎደሎ ቃል ደግሞ ለብልጥ መጥረቢያ ነው። ከዛሬ ጀምሮ አዋጄ እንዲህ ይባል፦ ለምለም አይቆረጥ፣ ደረቅም ሳይፋቅ አይፈረድበት! ዳልቻ፣ ረትተሃል። ምን ይደረግልህ?»

ጅብ የእሱን ቆዳ የሚጠይቅ መስሎት ከበሬ ጀርባ ተደበቀ።

«ደቦ፣» አለ ዳልቻ።

«የምን ደቦ?»

«በየማሳው ሰባት ሰባት እንዲበቅል።»

በሬ ጉሮሮውን ጠረገ። ከችሎቱ ቀን ጀምሮ ዳልቻን ዓይኑን ማየት ከብዶት ነበር። «ወንድሜ፣ አትቀየመኝና፣ ጥላው ሰብሉን ቢበላብንስ?»

«ሰብል በሚያድግበት ጊዜ ራቁታቸውን ናቸው፤» አለ ዳልቻ። «ጥላ የላቸውም። የሚያራግፉት ቅጠል መሬቱን ያወፍራል። በበጋ ለኛ ይለብሳሉ።»

ይህ ዳልቻ በሸለቆው ውስጥ የተናገረው ረጅሙ ንግግር ነው። በሬ ሰማ፤ ዞሮም ማሳውን አየ። ከዛፎቹ ሥር ያለው ማሽላ ከዳር ካለው በአንድ ክንድ ይረዝም ነበር። ሰባት ዓመት አብረው ሲያርሙ ይህን ያየ የለም፤ ዓይናቸው የሚነቀለው ላይ ነበር።

የካቲት ላይ የገርቢው ፍሬ እንደ ደረቀ የብርቱካን ልጣጭ ተጠቅልሎ ረገፈ። ሁሉም ለቅሞ በየማሳው ዘራ፤ አልበቀለም። የፍሬው ዘር እንደ ጠጠር ነው፤ ሆድ ውስጥ ካላለፈ አይከፈትም። በሬና ፍየል በልተው በየማሳቸው ጣሉ፤ በቀለላቸው። ጅብም አንድ አፍ ሙሉ ጎርሶ አላመጠና ተፋው። «እኔ ይህን አልችልም!» ብሎ አለቀሰ።

«ና፣» አለው ዳልቻ። ከበረቱ ጥግ ያከማቸውን አሳየው።

ጅብ ስልቻውን ሞልቶ፣ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙሮ በሸለቆው መሃል አለፈ። ዝንጀሮ መንገድ ላይ አገኘው።

«አያ ጅቦ፣ ምን ተሸክመሃል?»

«ተወኝ ወንድሜ፣» አለ ጅብ። «አህያውን ልበላ መጥቼ ፋንድያውን ተሸክሜ ልሂድ!»

ቀበሮም ቤቷን ዳግመኛ ሠራች። ጣሪያዋን ያዋቀረችው በየዓመቱ ከገርቢዎቹ ላይ ከሚመለመለው ቅርንጫፍ ነው፤ አንድ ዛፍ መጣል አላስፈለጋትም።

ዓመታት አለፉ። አንድ ዓመት ዝናቡ ነሐሴ ላይ ተቋረጠ። ከሸለቆው ማዶ ያለው የተላጨ አገር ሁሉ ማሽላው ቆሞ ነደደ። በሸለቆው ግን በገርቢዎቹ ሥር አፈሩ እርጥበት ይዞ ቆየ፤ ማሽላውም አጠረ እንጂ ፍሬውን አልከለከለም። በጋው ሲከፋ ፍየልና በሬ የረገፈውን ፍሬ በልተው ከረሙ። በዚያ ዓመት ከሸለቆው የተሰደደ የለም።

በቀጣዩ ዓመት አዝመራው በገባ ማግስት ጅብ አንድ ዘለላ ማሽላ በሁለት እጁ ይዞ ዳልቻ ደጃፍ ቆመ። ከኋላው በሬ፣ ፍየል፣ ዝንጀሮ፣ ጅራቷ የተጣመመው ቀበሮም ነበሩ።

«አያ ዳልቻ፣» አለ ጅብ። አያ ብሎ ሲጠራው የመጀመሪያው ነበር። «ልናመሰግንህ መጣን።»

ዳልቻ ጆሮዎቹን አዞረ።  

«እኔን አይደለም፣» አለ። «ልጅ ሳለሁ ነጋዴዎች ጨው ይጭኑብኝ ነበር። እናቴ መንገድ ላይ ቀረች። ጀርባዬ ሲቆስል እኔንም ጣሉኝ። የካቲት ነበር፤ አገሩ ሁሉ አመድ ነው። አንድ ለምለም ዛፍ ብቻ አየሁና ከሥሩ ወደቅሁ። አንዲት ግመል እዚያ አርፋ ነበር። አንገቷን ዘርግታ ቅርንጫፉን አራገፈችልኝ። ‹ብላ› አለችኝ። እስክጠግብ ፍሬውን አራገፈችልኝ። ‹ምን ላድርግልሽ?› አልኳት። ‹እኔ ወደ ታች ነኝ፣ አንተ ወደ ላይ፤ ይዘህልኝ ሂድ› አለች። ‹ስልቻ የለኝም› አልኳት። ‹ሆድ አለህ› አለችኝ።»

 ዝንጀሮ እንኳ ራሱን ዝቅ አደረገ።

«ስሟ ማን ይባላል?» አለች ፍየል ቀስ ብላ።

«አልጠየቅኋትም፣» አለ ዳልቻ፤ የጅብን ዘለላ በአፉ ተቀበለና ወስዶ ከትልቁ ገርቢ ሥር አኖረው።

ከዚህ የምንማረው፣ ዛፍንም ሆነ ባልንጀራን ደርቋል ብለን ከመፍረዳችን በፊት ፋቅ አድርገን ማየትና ወቅቱን መጠበቅ እንደሚገባን፣ የተደረገልንንም ደግነት ተሸክመን ለማናውቀው ማድረስ ከምስጋና ሁሉ የሚበልጥ ምስጋና መሆኑን ነው።